ድዋርፍ አስማተኛ አይሆንም ያለው ማነው?

በደንጄንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ዳይስ እየጣሉ በምናብ ዓለም ውስጥ በሚጫወቱት ጨዋታ፣ ገጸ ባሕርይ ስትፈጥሩ ዘርና ክላስ (ሙያ) ትመርጣላችሁ፤ ኤልፍ (ቀልጣፋው የተረት ፍጡር) ወይስ ድዋርፍ (አጭሩና ጠንካራው)፣ ተዋጊ ወይስ ሌባ? ስለ ሁለቱ ዝምድና የሚወራው ብዙው ነገር ግን ጊዜው ያለፈበት ወይም ያልተሰላ ነው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ድዋርፍ አስማተኛ መሆን አይችልም»

ድሮ እውነት ነበር። የ1974ቱ ሕግ ድዋርፍን ተዋጊ ብቻ አድርጎ ከ6ኛ ደረጃ በላይ እንዳያልፍም አግዶት ነበር። በ1981 ደግሞ በመነሻው ሕግ «ኤልፍ» ራሱ ክላስ ሆነ፤ ሰይፍና አስማት አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ሌላ ምርጫ የለም። ክልከላው የተነሣው በ2000 በሦስተኛው እትም ነው።

«ዘር ሲመረጥ ዋናው የ+2 ጭማሪው ነው»

በ2014ቱ ሕግ ኤልፍ ከችሎታ ነጥቦቹ አንዱ በሆነው ቅልጥፍና ላይ +2 ያገኛል። እንግዲህ እናስላው፤ 15 የነበረው 17 ሲሆን፣ ዳይሱ ላይ የሚደመረው ከ2 ወደ 3 ያድጋል። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ ደግሞ የአንድ ልዩነት አምስት በመቶ ብቻ ነው። ለዚህ ብሎ የሚወደውን ዘር የሚተው ሰው ያሳዝነኛል።

«አስማተኛ ጥሩር ለብሶ አስማት አይሠራም»

የማይሠራው ያልሠለጠነበትን ጥሩር ከለበሰ ነው። በ2014ቱ ሕግ የተራራ ድዋርፍ ከነዘሩ በመካከለኛ ጥሩር የሠለጠነ ነው። ስለዚህ አስማተኛ ቢሆንም ጓደኞቹ በቀሚስ ሲሮጡ እሱ ብረት ለብሶ እሳት ይወረውራል። ዘር ክላስን የሚቀርጸው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥር በመጨመር ሳይሆን ክላሱ የሌለውን በር በመክፈት። ትንሹን ዘር ሃፍሊንግንም እዩ። ሌባ ከ2ኛ ደረጃ ጀምሮ በአንድ ተራ ወግቶ መደበቅ ይችላል፤ ግን መደበቂያ ያስፈልገዋል። «እግረ ቀላል» የሚባለው የሃፍሊንግ ዓይነት በቁመናው ከእሱ በሚበልጥ ጓደኛው ጀርባ መሸሸግ ስለሚችል፣ ሜዳ ላይ እንኳ መደበቂያው አብሮት ይሄዳል።

«ከ2024 ወዲህ ዘር መልክ ብቻ ነው»

የ2024ቱ መጽሐፍ «ዘር» የሚለውን ቃል ትቶ «ዝርያ» ብሏል (ለእኛ ጆሮም ይሻላል)፤ የችሎታ ጭማሪውንም ወደ ገጸ ባሕርዩ የቀድሞ ሕይወት አዛውሯል። የዝርያ ችሎታዎች ግን አልጠፉም። ድዋርፍ በየደረጃው 1 የሕይወት ነጥብ ይጨምራል፤ የሕይወት ዳይሱ ባለ 6 ገጽ ለሆነ አስማተኛ፣ 10ኛ ደረጃ ላይ 10 ነጥብ ቀላል አይደለም። ጥሩሩ ግን ቀርቷል፤ እኔ በበኩሌ እስካሁን ቅር ይለኛል።