ውኃ ማፍያው የኒውክሌር ማብላያ

ከአዳማ ወጣ ሲሉ ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ይታያሉ። ነፋሱ ክንፉን ያዞራል፣ ክንፉ ጄነሬተሩን ያዞራል፣ መብራት ይመጣል። እዚያው ቅርብ ቆቃ ላይ ደግሞ የማዞሩን ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የያዘው የአዋሽ ውኃ ነው። የኒውክሌር ጣቢያም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እዚያ የሚያዞረው እንፋሎት ነው። ማብላያው ያንን እንፋሎት የሚያፈላ ምድጃ ነው።

ማብላያ የሚለው ስም ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ሲሰማው የጠላ ጋን የሚታየው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ውስጡ ግን የሚብላላ ነገር የለም፤ የሚሰነጠቅ እንጂ።

ነዳጁ ዩራኒየም ነው። በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዩራኒየም 235 ከመሬት ሲወጣ ከመቶ 0.7 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለአብዛኞቹ ጣቢያዎች ከ3 እስከ 5 በመቶ እስኪደርስ ይበለጽጋል። ከዚያ የጣት ጫፍ የማታክል ፍሬ ሆኖ ዚርኮኒየም ከሚባል ብረት በተሠሩ ረጃጅም ቱቦዎች ውስጥ ይደረደራል።

ኒውትሮን የሚባለው ቅንጣት የአቶሙን አስኳል ሲመታው አስኳሉ ለሁለት ይከፈላል። ሙቀት ይወጣል፤ ሁለት ሦስት አዳዲስ ኒውትሮኖችም ይፈናጠራሉ። እነሱ ደግሞ ሌላውን ይመታሉ። ችግሩ ሲወጡ መክነፋቸው ነው። የሚከንፍ ኒውትሮን ዩራኒየም 235ን የመሰንጠቅ ዕድሉ ትንሽ ነው። ስለዚህ ፍጥነታቸውን የሚያበርድ ነገር ያስፈልጋል፤ በአብዛኞቹ ማብላያዎች ይህን የሚሠራው ተራ ውኃ ነው። ያው ውኃ ሙቀቱንም ተሸክሞ ይወጣል። በአንድ ደመወዝ ሁለት ሥራ!

በብዛት ከላይ የሚወርዱት መቆጣጠሪያ ዘንጎች ቦሮንን የመሰለ ኒውትሮን የሚውጥ ነገር አለባቸው። ወደ ውስጥ ሲገቡ መሰንጠቁ ይቀንሳል፣ ወጣ ሲሉ ይጨምራል።

በብዛት በሚሠራበት ዓይነት፣ ውኃው ከ300 ዲግሪ በላይ ቢግልም አይፈላም፤ ግፊቱ ከአየር ግፊት 150 እጥፍ ገደማ ነው። ሙቀቱን በቱቦ ግድግዳ በኩል ለሌላ ውኃ ያስተላልፋል። ተርባይኑን የሚመታው የዚያኛው ውኃ እንፋሎት ነው።

የሚያስፈራው ማጥፋቱ ነው። ዘንጎቹ በሰከንዶች ውስጥ ይገባሉ፣ መሰንጠቁ ይቆማል፤ ግን ከሙቀቱ 6 በመቶ ያህሉ ወዲያው አይሄድም። ከሰል ላይ ቡና ያፈላ ሰው ረመጥን ያውቃል። ያ ረመጥ ለቀናት ውኃ ይፈልጋል፣ ውኃው ፓምፕ ይፈልጋል፣ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። እኛ መብራት ሲጠፋ ሻማ እንፈልጋለን። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን ፉኩሺማ ላይ ግን ሲሠሩ የነበሩት ማብላያዎች በመሬት መንቀጥቀጡ ወዲያው ቆመው ነበር። ሱናሚው መጠባበቂያ ጄነሬተሮቹን ሲያሰጥማቸው የሦስቱ ነዳጅ ቀለጠ።

ይህን ሁሉ የሚከልለው ወፍራም የብረት ጋንና ከአንድ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የኮንክሪት ሕንፃ ነው። ማብላያው የፈነዳበት የዩክሬኑ ቼርኖቤል እንዲህ ያለ ሙሉ መከለያ አልነበረውም።

ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት መልሶ ውኃ መሆን አለበት፤ ከሙቀቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚባክነው እዚህ ነው። ጣቢያዎች ወንዝ ወይም ባሕር ዳር የሚተከሉትም ለዚሁ ነው። በአፍሪካ ለረጅም ዓመታት ብቸኛው ሆኖ የቆየው የደቡብ አፍሪካው ኩበርግ፣ ሙቀቱን የሚጥለው አትላንቲክ ውስጥ ነው።