ፖዜሽን ምንድን ነው? ኳስ አልገባ ባለበት ምሽት ማሸነፍ

እግር ኳስ እያየ ያደገ ሰው «ፖዜሽን» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው በእረፍት ሰዓት ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መቶኛ ነው፤ አንዱ ቡድን 62፣ ሌላው 38። ጥያቄው ኳሷን ማን አብዝቶ ያዘ ነው። ይህንኑ ይዞ የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ለማየት የተቀመጠ ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም። እዚያ ፖዜሽን በመቶኛ አይነገርም፤ ይቆጠራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ። በአማርኛ ስም አውጣለት ብባል «ተራ» እለዋለሁ፤ ከዚህ በኋላም በዚሁ ቃል እቀጥላለሁ።

ተራ ማለት አንድ ቡድን ኳሷን እጁ ካስገባበት ቅጽበት ጀምሮ ተጋጣሚው እስኪወስዳት ድረስ ያለው ነው። አምስት ሰከንድም ይፍጅ ሃያ ስምንት፣ ያው አንድ ተራ ነው። የሚያልቀውም በጥቂት መንገድ ነው። ኳሷ ትገባለች። ወይም ትስትና ተጋጣሚ ይይዛታል። ወይም ሾት ሳይሞከር ትነጠቃለች፣ ከመስመር ትወጣለች፣ የያዛት ልጅ ሳያነጥራት ይራመዳል፤ ይህን ተርንኦቨር ይሉታል። ጥፋት ተሠርቶ ነጻ ውርወራ ከተሰጠ ደግሞ የመጨረሻዋ ውርወራ ገብታ ወይም በተጋጣሚ እጅ ገብታ ትዘጋዋለች።

ኳሷ ስታ የወረወረው ቡድን ራሱ መልሶ ከያዛትስ? ተራው አላለቀም። ገበጣ የተጫወተ ሰው ይህን ለመረዳት ሁለት ጊዜ ማሰብ አያስፈልገውም። በብዙዎቹ አጨዋወቶች የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ካረፈች አንስቶ መዝራቱን ይቀጥላል፤ እጁን የሚሰበስበው ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ነው። ማጥቃት ላይ ሆኖ የሳተውን ኳስ መልሶ መያዝ፣ ኦፌንሲቭ ሪባውንድ የሚሉት፣ እንደዚያ ነው። ባላንጣህ ተራዬ ደረሰ ብሎ እጁን ሲዘረጋ አንተ አሁንም ትዘራለህ።

አንዱ ሲጨርስ ሌላው ስለሚጀምር የሁለቱ ቡድኖች ተራ በጨዋታው መጨረሻ እኩል ወይም እኩል ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። በወንዶች የኮሌጅ ጨዋታ፣ 40 ደቂቃ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከ65 እስከ 70 አካባቢ ለእያንዳንዱ ይደርሰዋል። በድሮው ሕግ ይህም አልነበረም፤ የሚገድብ ሰዓት ስላልነበረ ቡድን ኳሷን ይዞ መቆም ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ኖርዝ ካሮላይና ቨርጂኒያን በምድባቸው ፍጻሜ ያሸነፈው 47 ለ45 ነው፤ ኖርዝ ካሮላይና ኳሷን እየተቀባበለ ደቂቃ ሲበላ ተመልካቹ ተሰላችቶ ነበር። ከ1985 ጀምሮ የ45 ሰከንድ ገደብ ተጣለ፤ በ1993 ወደ 35 ወረደ፤ በ2015 ደግሞ 30 ሆነ።

ተራው እኩል ከሆነ ታዲያ የተሻለ የወረወረው ያሸንፋል ማለት አይደለም? ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ተራው እኩል ነው እንጂ ሾቱ እኩል አይደለም።

በቁጥር ላሳይ። ሁለት ቡድኖች ሰባ ሰባ ተራ ደረሳቸው እንበል፤ ነገሩ ቀለል እንዲል ነጻ ውርወራንና ከሩቅ የሚወረወረውን ባለ ሦስት ነጥብ ሾት እንተው፤ የገባ ኳስ ሁሉ ሁለት ነጥብ ነው። የመጀመሪያው ቡድን በዚያ ምሽት እጁ ቀዝቅዟል፤ ከመቶ አርባውን ብቻ ነው የሚያገባው። ነገር ግን ኳስ ያባከነው 8 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሳታቸው ኳሶች ደግሞ 14ቱን መልሶ ይዟል። ሲደመር ሲቀነስ 76 ጊዜ ወረወረ፤ 30 ገባለት፤ 60 ነጥብ። ሁለተኛው እጁ ሞቋል፤ ከመቶ 48 ያገባል። ግን 16 ጊዜ ኳስ አባከነ፣ መልሶ የያዘው 6 ብቻ ነው። 60 ጊዜ ወረወረ፤ 29 ገባለት፤ 58 ነጥብ። 46 ኳስ የሳተው ቡድን 31 የሳተውን አሸነፈ።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የሚሆን ነገር እንዳይመስል፣ ከኮሌጅ ወጣ ብዬ እጅግ ጥርት ያለውን ምሳሌ ልጥቀስ። ሰኔ 17 ቀን 2010 እ.ኤ.አ.፣ የኤንቢኤ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ከቦስተን ሴልቲክስ። ኮቢ ብራያንት 24 ወርውሮ 6 ብቻ ነው የገባለት። ቡድኑ በጠቅላላው 83 ወርውሮ 27 አገባ፤ ሴልቲክስ 71 ወርውሮ 29። ልብ በሉ፣ ሴልቲክስ በሾትም በልጧል፣ በሦስት ነጥብም በልጧል። ዋንጫውን ያነሳው ግን ሌከርስ ነው፤ 83 ለ79። ሌከርስ 23 ኦፌንሲቭ ሪባውንድ ሲይዝ ሴልቲክስ የያዘው 8 ነበር። ፓው ጋሶል ብቻውን 9 ይዟል። ብራያንትም ሾቱ እምቢ ሲለው ወደ ሰሌዳው ገብቶ በጠቅላላው 15 ሪባውንድ ሰብስቧል። የሴልቲክሱ ግዙፍ ኬንድሪክ ፐርኪንስ ደግሞ በስድስተኛው ጨዋታ ጉልበቱን ተጎድቶ ተቀምጦ ነበር፤ ከቀለበቱ ሥር የተከፈተው ክፍተት የእሱ ነው። በዚያ ላይ የተጨመረው ነጻ ውርወራ ነው፤ ሌከርስ 25 አገባ፣ ሴልቲክስ 15። ኳስ ደጋግሞ ከሥር የሚይዝ ቡድን ጥፋት ይሠራበታል፤ ሁለቱ ነገሮች አብረው ነው የሚመጡት።

ሪባውንድ በቁመት ብቻ የሚገኝ የሚመስለው ሰው አለ። እኔም ይመስለኝ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ለትምህርት ቤቷ ስትጫወት ከቅርብ እስካይ ድረስ። ቁመቷ ከቡድኑ መካከለኛ ነው። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ አጠገቤ ተቀምጣ «ይቺ ልጅ መቼ ነው የምታገባው?» ትለኛለች በየጨዋታው። አሰልጣኙ ግን ከሜዳ አያስወጣትም። አንድ ቀን ኳሷን ትቼ እሷን ብቻ አየሁ። ሾት ሲወረወር የሁሉም ዓይን ወደ ላይ ይሄዳል፤ የእሷ አይሄድም። አጠገቧ ያለችውን ልጅ ትፈልጋለች፣ ፊቷን ታዞርና ጀርባዋን ትሰጣታለች፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ወገቧን ዝቅ ታደርጋለች፣ ክንዷን ትዘረጋለች። ከዚያ በኋላ ነው ቀና የምትለው። ከኋላዋ ያለችው በአንድ ጭንቅላት ትበልጣታለች፤ ግን መድረስ አትችልም፤ ቦታው ተይዟል። ቦክስ አውት የሚባለው ይህ ነው። ማጥቃት ላይ ስትሆን ደግሞ የተገላቢጦሽ፤ ጀርባ እንዳይሰጣት ቀድማ ትሾልካለች። ከጥግ የተወረወረ ኳስ ሲስት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተቃራኒው ጎን እንደሚነጥር ታውቃለች፤ ከሩቅ የተወረወረ ደግሞ ርቆ እንደሚነጥር። መያዝ ባትችል በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ኳሷን በሕይወት ታቆያታለች። ያን ቀን ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያስቆጠረችው። ለቡድኗ የጨመረቻቸውን ሾቶች ቆጥሬ ለእማዬ ስነግራት «እና ይሄ አይጻፍላትም?» አለች። ይጻፋል፤ ሰው የሚያነበው ግን ነጥቡን ነው።

አሰልጣኞች ይህን ያውቃሉ። ቀለበቱ ላይ ክዳን ገጥመው የሚያሠለጥኑ አሉ፤ ምንም ኳስ አይገባም፣ ሁሉም ይነጥራል፣ ልጆቹ የሚለማመዱት ከዚያ በኋላ ያለውን ትግል ብቻ ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ሐሳቡን የሚገልጽ ልምምድ የለም፤ ለማይገባበት ምሽት አስቀድሞ መዘጋጀት ነው።

በእርግጥ ዋጋ አለው። አራት ሰው ወደ ሰሌዳው ከላክህ፣ ኳሷም ለተጋጣሚ ከደረሰች፣ ወደ ኋላ የሚሮጥ ሰው የለህም፤ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ከሌላው ቀለበት ሥር ነጻ ሰው ታገኛለህ። ስለዚህ አንዳንድ አሰልጣኝ ሾቱ እንደተወረወረ ሁሉም ወደ ኋላ እንዲመለስ ያዛል። ሁለቱም መንገድ አሸናፊ አውጥቷል።

ተራ መቁጠር አዲስ ነገር አይደለም። ዲን ስሚዝ፣ ኋላ የኖርዝ ካሮላይና ታላቅ አሰልጣኝ የሆነው፣ ገና እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ረዳት ሳለ ጨዋታን በነጥብ ብዛት ሳይሆን በአንድ ተራ በሚገኝ ነጥብ ይመዝን ነበር። በኋላ ዲን ኦሊቨር የተባለ የቁጥር ሰው ጨዋታ የሚያሸንፉ ነገሮችን በአራት ከፈላቸው፤ ሾት፣ ኳስ አለማባከን፣ ሪባውንድ፣ ነጻ ውርወራ። ክብደታቸውንም በግምት 40፣ 25፣ 20 እና 15 በመቶ ብሎ አስቀመጠ። ሾት ትልቁ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቀሪው 60 ግን እጅ ስለቀዘቀዘ አይጠፋም።

እስካሁን የተናገርኩት የራስን ተራ ስለማስረዘም ነው። የተጋጣሚን ተራ ዋጋ ማሳጣትስ? እዚህ ላይ ሚያዝያ 4 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ሂውስተን የተደረገውን የኮሌጆች ፍጻሜ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም፤ ኮኔቲከት ከበትለር። የኮኔቲከቱ ኮከብ ኬምባ ዎከር 19 ወርውሮ 5 አገባ። ቡድኑ ከሦስት ነጥብ መስመር 11 ሞክሮ አንድ ብቻ ገባለት። በእረፍት ሰዓት በትለር 22 ለ19 እየመራ ነበር። እንዲህ ባለ ምሽት ዋንጫ ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ያዳነው መከላከሉ ነው። በትለር 64 ወርውሮ 12 ብቻ አገባ፤ 18.8 በመቶ፤ በፍጻሜ ታሪክ ከታየው ሁሉ ዝቅተኛው። ከሦስት ነጥብ መስመር ወዲህ፣ ከቅርብ የወረወረውን ብቻ ብናይ ከ31 ሦስት ነው የገባለት። ኮኔቲከቶች 10 ኳስ በእጃቸው መትተው መልሰዋል፤ ያልመለሱትንም ረጃጅም ክንዳቸውን ሲዘረጉ ወርዋሪው ኳሷን ከለመደው ከፍ አድርጎ እንዲለቅ አስገድደውታል። 53 ለ41 አለቀ። ብዙ ሰው ይህን ጨዋታ አስቀያሚ ይለዋል። እኔ አልለውም። በትለር በሾት ብዛት በዘጠኝ ይበልጣል፤ እያንዳንዱ ሾት ግን በሰው እጅ ላይ የተወረወረ ነበር። ሾት ብዙ ሆኖ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ያሳየኝ ጨዋታ የለም።

ሌላው መንገድ ተራውን ሾት ሳይወረወርበት መቀማት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014/15 የዌስት ቨርጂኒያ ቡድን ይህን መታወቂያው አድርጎት ነበር። በአሰልጣኝ ቦብ ሀጊንስ ሥር ተጋጣሚውን ከሜዳው ጫፍ ጀምሮ እያስጨነቀ ኳስ ያስጥለዋል፤ ሾቱ ጥሩ ስላልነበረ ሌላ መኖሪያ አልነበረውም። በዚህ አኳኋን እስከ መጨረሻዎቹ 16 ደረሰ። እዚያ ያኔ ያልተሸነፈው ኬንታኪ 78 ለ39 ጣለው። ኳስ በቀላሉ የማይጥል ቡድን ሲያጋጥም ዘዴው ይነጥፋል፤ ይህንም መናገር ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ሚያዝያ 7 ቀን 2025፣ ሳን አንቶንዮ። ፍሎሪዳ ከሂውስተን ለኮሌጆች ዋንጫ። የፍሎሪዳው ዋልተር ክሌይተን ከሁለት ቀን በፊት በግማሽ ፍጻሜው ኦበርን ላይ 34 ነጥብ አስቆጥሯል። በፍጻሜው የመጀመሪያ አጋማሽ ዜሮ። ሂውስተን በየሄደበት ሁለት ሰው እየላከ ዘጋበት፤ ፍሎሪዳም በሁለተኛው አጋማሽ በ12 ነጥብ ተመራ። ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ክሌይተን በመጨረሻ 11 አስቆጠረ። 65 ለ63 መምራት ሲጀምሩ 20 ሰከንድ ያህል ቀርቶ ነበር፤ ኳሷ ግን የሂውስተን ነበረች። አንድ ተራ።

ኢማኑኤል ሻርፕ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ኳሷን ተቀብሎ ለመወርወር ዘለለ። ብትገባ ዋንጫው የሂውስተን ነው። ክሌይተን፣ ያ ሌሊቱን ሙሉ ኳስ አልገባ ያለው ልጅ፣ ክንዱን ዘርግቶ ወደ እሱ በረረ። ሻርፕ አየር ላይ ሳለ መንገዱ ተዘጋበት። ቢወረውር ይመለስበታል፤ ይዟት ቢያርፍ ጥፋት ነው። ኳሷን ለቀቃት። መሬት ላይ ነጠረች። እሱ ቀድሞ ቢነካት ያፏጩበታል፤ ስለዚህ አጠገቧ ቆሞ ወዳጅ እስኪመጣላት ጠበቀ። የመጣው ግን አሌክስ ኮንደን ነው፤ የፍሎሪዳው ረጅም፣ ደረቱን ሰጥቶ መሬት ላይ ተወረወረባት። ሰዓቱ ዜሮ ሲሆን ኳሷ የፍሎሪዳ ነበረች፤ የሂውስተን የመጨረሻ ተራ ሾት ሳይወረወርበት አለቀ።