በጅማ ኮረብቶችና ደኖች የእግር ጉዞ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ዙሪያዋን በኮረብቶች የተከበበች የቡና ከተማ ናት። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ8 ዲግሪ በታች ላይ ብትሆንም ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለተቀመጠ፣ የሐሩር ምድር ዝናብና ልምላሜ እንጂ ሙቀቱ የለባትም። ብዙ መንገደኛ ወደ ቦንጋ፣ ወደ ሚዛን ወይም በበደሌ አድርጎ ወደ መቱ ሲያልፍ አንድ ሌሊት የሚያድርባት ከተማ አድርጎ ነው የሚያውቃት። ስለ ጎንደር፣ ስለ ላሊበላና ስለ ሰሜን ተራሮች የተጻፈውን ያህል ስለ ጅማ ኮረብቶች በአማርኛ አልተጻፈም። ስለዚህ እዚህ የተሰበሰበው ከታሪክ መጻሕፍት፣ ከደንና ከቡና ጥናቶች፣ እንዲሁም አገሬው ከሚናገረው ነው።

የጅማ የእግር ጉዞ ከሰሜን ወይም ከባሌ ተራሮች ጉዞ የሚለየው በአንድ ዋና ነገር ነው። እዚህ በአብዛኛው የፓርክ በር፣ ትኬትና የድንኳን ሰፈር የለም። መንገዱ ገበሬው ወደ ማሳው፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ገበያተኛው ወደ ገበያው የሚሄድበት ያው ቀጭን መንገድ ነው። ደኑም ሰው የሌለበት በረሃ አይደለም። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ያለው ቡና ባለቤት አለው፣ በቅርንጫፉ ላይ የተሰቀለው ቀፎም እንዲሁ። በጅማ ደን ውስጥ የሚጓዝ ሰው በሰው ጓሮ እየተራመደ መሆኑን ካልተረዳ ያየውን ግማሹን አላየም።

ወደ ጅማ መግባት

የጉዞው ውበት የሚጀምረው ገና ከተማው ሳይደረስ ነው። መንገዱ ወሊሶንና ወልቂጤን ካለፈ በኋላ ወደ ግቤ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዕፅዋቱ ወደ ግራርና ቁጥቋጦ ይለወጣል። ድልድዩን ተሻግሮ በአበልቲ በኩል ሽቅብ ሲወጣ ነፋሻው ደጋ ይመለሳል። ከሰኮሩ ወዲህ ደግሞ የግልገል ግቤ አንድ ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይታያል፤ ግድቡ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀምሯል። ከአሰንዳቦና ከሰርቦ በኋላ ኮረብቶቹ እየቀረቡ፣ የቡናና የጫት ማሳው እየበዛ ይሄዳል። ጊዜ ያጠረው በአውሮፕላን አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ሊደርስ ይችላል፤ ግን የግቤን ቁልቁለትና ዳገት ሳያይ ይቀርበታል።

ጅሬንና የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት

ከከተማው ሊደረጉ ከሚችሉ የእግር ጉዞዎች ሁሉ የታወቀው ወደ ጅሬን ኮረብታ የሚደረገው ነው። ከመሀል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በባጃጅ ይደረሳል፣ በእግር ግን ግማሽ ቀን ቢሰጠው ይበልጥ ያምራል። ዳገቱ የሚያስቸግር አይደለም። ከላይ ሲደረስ ከተማው፣ ሜዳውና ማዶ ያሉት ሰንሰለታማ ተራሮች በአንድ ዕይታ ይገባሉ። ነገሥታቱ መቀመጫቸውን ለምን እዚህ እንዳደረጉ ማስረዳት አያስፈልግም።

የጅማ መንግሥት በግቤ አካባቢ ከተነሡት አምስቱ የኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ሊሙ እናሪያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1830 አካባቢ ቀዳማዊ አባ ጅፋር አጠናክረው መሠረቱት፤ እስልምናም በእሳቸው ዘመን በቤተ መንግሥቱ ሥር ሰደደ። ከእሳቸው በኋላ አባ ሬቡ፣ አባ ቦካና አባ ጎሞል ተከታትለው ነግሠዋል። እ.ኤ.አ. በ1878 ገና ወጣት የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ዙፋኑን ያዙ፤ የጅማ ስምም ከእሳቸው ስም ተነጥሎ አይጠራም።

ዳግማዊ አባ ጅፋር በጦርነት ሳይሆን በብልሃት አገራቸውን ያቆዩ መሪ ነበሩ። የሸዋው ጦር ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲገፋ ከመዋጋት ይልቅ ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው መቆየትን መረጡ። በዚህ ውሳኔ የእናታቸው የጉሚቲ ምክር ትልቅ ድርሻ እንደነበረው በጅማ ይነገራል። ጎረቤት መንግሥታት በጦርነት ሲፈርሱ ጅማ ገበያዋና መስጊዶቿ ሳይነኩ፣ ግብሯን እየከፈለች ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በራሷ ንጉሥ ስትተዳደር ኖረች። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1897 በከፋ ላይ በተደረገው ዘመቻ የጅማ ጦር ከምኒልክ ወገን ተሰልፏል። ራስ ገዝነቱ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው።

በዚያ ዘመን ከጅሬን ግርጌ የነበረው የሂርማታ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደር አልነበረውም። በሐሙስ ገበያ እስከ 30 ሺህ ሰው ይሰበሰብ እንደነበር ይጻፋል። ቡና፣ ማር፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ኮረሪማ፣ ወርቅ በሲራራ ነጋዴዎች ይመጣና ይሄድ ነበር። በባርነት የተያዙ ሰዎችም ይሸጡበት ነበር፤ ከመንግሥቱ የሀብት ምንጮችም አንዱ ይኸው ነበር። የዛሬዋ ከተማ የበቀለችው በዚሁ ገበያ ላይ ሲሆን፣ ሐሙስም እስከ ዛሬ የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ነው።

ቤተ መንግሥቱ በአብዛኛው ከእንጨት የተሠራ ባለ ፎቅ ነው። ሰገነቶቹ፣ የተጠረቡት ምሰሶዎችና ንጉሡ ሕዝቡን የሚያዩባቸው መስኮቶች ጎብኚን ያቆማሉ። ንድፉን ያወጣው ሕንዳዊ ባለሙያ ነው የሚል ትረካ አለ፤ የእንጨት ሥራው ግን የጅማ ጠራቢዎች እጅ እንዳለበት ከአገሬው በርጩማና ወንበር ጋር ሲያስተያዩት ይታያል። በግቢው አቅራቢያ መስጊድ አለ፤ የንጉሡ መቃብርም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የቤተ መንግሥቱ ዕቃዎች ከተማው ውስጥ ባለው የጅማ ሙዚየም ስለሚታዩ፣ ሙዚየሙን አስቀድሞ አይቶ ወደ ኮረብታው መውጣት ጥሩ ቅደም ተከተል ነው። በአርብ የጁምዓ ሰዓት ባይሄዱ ይመረጣል።

ከተማውና ቦዬ

ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጓት ነበር፤ በፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያሉ አንዳንድ ሕንጻዎችና ሰፋፊ መንገዶች የዚያ ዘመን ናቸው። በኋላም ከተማዋ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሆና ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤትና እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1999 ተዋሕደው የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። ስለዚህ ክልል የደን፣ የወፍና የረግረግ መሬት ጥናት አብዛኛው ከዚህ ቤት የወጣ ነው።

ከተማውን የአዌቱ ወንዝ አቋርጧት ያልፋል። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የቦዬ ረግረግ ይገኛል፤ ለማለዳ ጉዞ ከዚህ የቀረበ ቦታ የለም። በውኃው ዳር ባለ ዘውዱን ጥቁር ክሬን ጨምሮ ብዙ ዓይነት የውኃ ወፎች ይታያሉ። ረግረጉ ከከተማው የሚወርደውን ደለልና ቆሻሻ ስለሚያጣራ የጅማ ኩላሊት ነው ቢባል አይበዛም። ሆኖም ለጡብ የሚቆፈረው ሸክላ አፈር፣ ባሕር ዛፍ ተከላና የማሳ መስፋፋት ከየአቅጣጫው እየገፉት ነው። ይህ ቦታ ከማንኛውም የጅማ መስህብ በፊት ጥበቃ የሚገባው ነው።

በለጠና ጌራ

የጅማ ጉዞ እምብርት በለጠ ጌራ የሚባለው ደን ነው። ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍነው ይህ ደን በኢትዮጵያ ከቀሩት ጥቂት እርጥበታማ የተራራ ደኖች አንዱ ነው። በለጠ የሚባለው ወገን የሚገኘው ወደ ቦንጋ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ሰቃ ጨቆርሳን አልፎ ወደ ሸቤ ሲኬድ ሲሆን፣ መንገዱ ራሱ ደኑን ሰንጥቆ ያልፋል። ጌራ ደግሞ በአጋሮ በኩል ወደ ጪራ ይገባል፤ ራቅ ያለና ጸጥታው የበለጠ ነው።

በደኑ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚወጣው ቀረሮ ነው። ከ40 ሜትር በላይ የሚረዝም ሲኖር፣ ግንዱን ቀና ብሎ ለማየት አንገት ያማል። ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳና ዶቅማ አብረውት ይበቅላሉ። በጅረቶች ዳር የዛፍ ቁመት ያለው ፈርን ይታያል። ከእነዚህ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማና ጥምዝ ይበቅላሉ። ገበያ ላይ በክር ተሰክቶ የሚሸጠው ኮረሪማ ከዚህ ጥላ ሥር ተለቅሞ የደረቀ ነው።

ጉሬዛ ሳይታይ ከበለጠ መመለስ ከስንት አንዴ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ቤተሰቡ በሙሉ በዛፍ ጫፍ ተሰብስቦ ይገኛል። ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ጉሬዛ ከሚውልበት ዛፍ የማይርቀው ቡቶርሊኒ የሚባለው ጠቆር ያለ የደን ጦጣ፣ ድኩላና ከርከሮ አሉ። ነብር አለ፣ ግን ራሱን አያሳይም። ከወፎች ነጭ ጉንጭ ያላት ሶሪት ክንፏን ስትዘረጋ የሚፈነጥቀው ቀይ ቀለም፣ ትልቅ ምንቃር ያለው የደን ወፍም ሲበር የሚያሰማው የክንፍ ድምፅ ጎብኚን ያስደንቃሉ።

ይህ ደን እስከ ዛሬ የቆመው በቡናው ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ገበሬው ቡናው ጥላ ስለሚፈልግ ትልልቆቹን ዛፎች አይቆርጥም፤ ቡና በማይበቅልበት ከፍታ ያለው ደን ግን በፍጥነት ተመንጥሯል። ነገሩ ሌላ ገጽታም አለው። ምርት ለመጨመር ሥር ሥሩ ያለው ቁጥቋጦ በየዓመቱ ሲመነጠር ነገ ዛፍ የሚሆነው ችግኝ አብሮ ይጠፋል። ተጓዡ ይህን በዓይኑ ሊለይ ይችላል፦ ሥሩ ጥቅጥቅ ካለ ያልተነካ ደን ነው፤ እንደ ልብ የሚያስኬድ ከሆነ የተያዘ የቡና ደን ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት (ጃይካ) ድጋፍ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ደኑን ከነዋሪው ጋር ያስታረቀ ሥራ ነው። በየቀበሌው «ዋቡብ» የሚባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት ተቋቋሙ። ነዋሪው ደኑን በመጠበቁ ቡናና ማር የመልቀም መብቱ ታወቀለት፤ የደን ቡናውም ዓለም አቀፍ ምስክር ወረቀት አግኝቶ ተሽጧል። ወደ ደኑ የሚገባ ተጓዥ ከወረዳው ደን ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ጠይቆ፣ መሪውን ከእነዚህ ማኅበራት አባላት መካከል ቢወስድ ለሁሉም ይበጃል። መሪው የዛፉን ስም በኦሮምኛ ያውቀዋል፣ የማን ቡና ውስጥ እንደሚያልፉም ያውቃል።

ጌራ በማሩ ትታወቃለች። ቀፎው በዛፍ ከፍታ ላይ ይሰቀላል፤ ንቡ ጌተም ከሚባለው ዛፍ አበባ ሲቀስም ማሩ ነጭ ይሆናል። በእንግድነት ቤት ሲገባ የሚቀርበው ብርዝ ከዚሁ ማር የተበጠበጠ ነው።

አጋሮ፣ ጮጬና የቡና መገኛ

ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ አጋሮ ትገኛለች፤ ከእሷ አቅራቢያ በጎማ ወረዳ የጮጬ ቀበሌ አለ። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲቦርቁ ያየው እረኛ ታሪክ በዚሁ ቦታ፣ ከታ ሙዱጋ በሚባለው ስፍራ እንደተፈጸመ አገሬው በሙሉ እምነት ይናገራል። በቦንጋ በኩል ደግሞ ከፋዎች የቡና እናት የማንኪራ ደን ነው ይላሉ። አረቢካ ቡና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች መነሣቱ በሳይንስ የታወቀ ነው፤ ቀበሌውን መለየት ግን የትረካ ጉዳይ ነው። የጮጬን ዳገት በእግሩ ወጥቶ ሽማግሌዎቹን ያዳመጠ ግን ትረካውን ቀላል አድርጎ አያየውም። ከጅማ በስተምዕራብ በመልኮ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ አገሪቱ የገባውን የቡና ፍሬ በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከነዚሁ ደኖች ለይቶ አውጥቷል።

ሌሎች መዳረሻዎች

በደቡብ በኩል ዴዶና የማይጉዶ ተራራ ደጋ ናቸው፤ ቡናው ቀርቶ ገብስና እንሰት ይተካል፣ ብርዱም ይሰማል። በየም በኩል የቦር ተራራ አለ፤ የየም ሕዝብ በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቀን ወደ ተራራው ወጥቶ ለዓመቱ የሚሆነውን ባህላዊ መድኃኒት ይለቅማል። ከዚህ የራቀ ጉዞ ለሚፈልግ በኮንታና በዳውሮ ያለው የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ዝሆን የሚታይበት ነው፤ ያ ግን መኪናና በርከት ያሉ ቀናት ይፈልጋል።

ጊዜና ዝግጅት

ዝናቡ በመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ቀዩ አፈር ሲርስ እጅግ ያንሸራትታል፤ ዱላና ጥርስ ያለው ጫማ ያስፈልጋል። ለጉዞ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት ቡናው ቀልቶ ቤተሰቡ በሙሉ ለቀማ ላይ ስለሚሆን የደኑ ውስጥ በሰው ድምፅ ይሞላል፤ በየማድረቂያ አልጋው ላይ ጀንፈል (ከነገለባው የሚደርቅ ቡና) ተሰጥቶ ይታያል። አበባውን ለማየት ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ያሉትን ጥቂት ቀናት መጠበቅ ነው፤ ኮረብታው ነጭ ይለብሳል፣ ሽታውም ከመንገድ ይሰማል።

በየመንደሩ ሰላምታው «አካም ጅርቱ» ነው። ቡና ግቡ የሚል ግብዣ ከልብ ስለሆነ ሦስቱንም ሳይጠጡ ለመነሣት መቻኮል ተገቢ አይደለም። ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊት ማስፈቀድ፣ በተለይ ሴቶችን፣ የግድ ነው። ቀይ ቡና ከዛፍ ላይ ለመቅመስ እንኳ ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በለቀማ ወቅት ያልታወቀ ሰው በቡና ውስጥ መታየቱ በራሱ ጥርጣሬ ያስነሣል። የመሪው ዋጋ ከመነሻው በግልጽ ተነጋግሮ መወሰን አለበት። ከፀሐይ መግቢያ በፊትም ከደኑ መውጣት ይገባል፤ ጅብ በጅማ ዙሪያ እስከ ከተማው ዳር ድረስ ይመጣል።