«ፍራንቻይዝ ታግ» ማለት ምን ማለት ነው?

በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ውሉ ያለቀ ነባር ተጫዋች ወደፈለገው ቡድን መሄድ ይችላል። ታግ ይህን መንገድ ይዘጋበታል። ቡድኑ በየዓመቱ አንድ ተጫዋች መርጦ ለአንድ ዓመት ማስቀረት ይፈቀድለታል።

በነጻ ግን አይደለም። እሱ በሚጫወትበት ቦታ ያሉ የአምስቱ ከፍተኛ ተከፋዮች አማካይ ወይም የተጫዋቹ ያለፈ ደመወዝ 120 በመቶ ታይቶ፣ የሚበልጠው ይከፈለዋል።

ኳርተርባኩ (የቡድኑን ማጥቃት የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ከርክ ከዝንስ እ.ኤ.አ. በ2012 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት የተመረጠው በአራተኛው ዙር ነው፤ ብዙም አልተጠበቀም። ቡድኑ ዋሽንግተን በ2016 በታግ ያዘው፤ ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር። በ2017 ደገመው፤ ወደ 24 ሚሊዮን። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ጭማሪው ከ120 በመቶም በላይ ስለሆነ 34 ሚሊዮን ያስወጣ ነበር፤ ስለዚህ ለቀቀው።

ብዙዎች ታግን ይጠሉታል፤ ዋስትናው የአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ጉዳት ደግሞ ቀጠሮ የለውም። ከዝንስ ግን በደንብ ተጠቀመበት። በ2018 ከሚኒሶታ ጋር ሙሉ ዋስትና ያለው የሦስት ዓመት፣ የ84 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ።