«አክቲቭ አድርግልኝ» ለምትሉኝ ቤዚስቶች

አቦ ሰለቸኝ! ድሬ ውስጥ ቤዝ ጊታር ላሰራ ብሎ የሚመጣ ሁሉ ገና ባለ 4 ይሁን ባለ 5 ክር ሳይወስን «አክቲቭ አድርግልኝ» ነው የሚለኝ። ለምን ስለው «ባትሪ ያለው ይበልጣላ»።

እሺ እንየው። አብዛኞቹ አክቲቭ የሚባሉ ቤዞች ላይ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) ራሱ ፓሲቭ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ማግኔትና ዙሪያውን የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ በቃ። ባትሪው የሚያሰራው ከፒክአፑ ቀጥሎ ያለውን ፕሪአምፕ፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላውንና የሚያስተካክለውን ትንሽ ሰርኪዩት ነው። ሙዚክ ማን በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስቲንግሬይ እንኳን የተሰራው እንደዛ ነው። እንደ ኢኤምጂ ፕሪአምፑ ፒክአፑ ውስጥ የተቀበረበት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፣ ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ አትጥሩብኝ።

ፕሪአምፕ ጥቅም የለውም አላልኩም። ፓሲቭ ላይ ያለው የቶን ቁልፍ ትሬብል (ቀጭኑን ድምፅ) መቀነስ ብቻ ነው የሚችለው፣ ፕሪአምፕ ግን ወፍራሙንም ድምፅ ትሬብሉንም ይጨምራል፣ ረጅም ኬብል ብትሰካም ትሬብሉ አይበላብህም። ግን መጥፎ ፒክአፕ ላይ ፕሪአምፕ ብትጨምር መጥፎው ድምፅ ነው ጎልቶ የሚወጣው። ደግሞ ባትሪ ያልቃል! ኬብሉን ስትሰካ ጃኩ ራሱ ባትሪውን ያበራዋል፣ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፣ ሰክተኸው ከሄድክ ሲበላ ያድራል። አንድ ልጅ ሰርግ ላይ ለመጫወት ከሰዓት ሳውንድ ቼክ አድርጎ ኬብሉን ሳይነቅል ሄደ፣ ባትሪውም አሮጌ ነበረ፣ ማታ ጭፈራው ሲደራ ድምፁ መጀመሪያ ተንኮሻኮሸ ከዛ ጭራሽ ጠፋ። ቤዙ ላይ ወደ ፓሲቭ የሚመልስ ስዊች ቢኖር ኖሮ በአንድ ጣት ይተርፍ ነበር። ስለዚህ ሰሪህ ማንም ይሁን ያን ስዊች ሳያስገባልህ አክቲቭ እንዳትቀበል፣ የባትሪውን ቤትም ያለ ካቻቢቴ የሚከፈት አስደርገው።

ሌሎቹን የምትሉኝንም እንያቸው። «ሁለት ባትሪ፣ 18 ቮልት ከሆነ ይጮሃል» አይጮህም። ጠንክረህ ስትመታ ድምፁ ቶሎ እንዳይሰነጠቅ ነው የሚረዳው፣ እሱም ፕሪአምፑ 18 ቮልት የሚችል ከሆነ።

«ኦሙ (የሽቦው ሬዚስታንስ) የበዛ ፒክአፕ ጉልበቱ ይበዛል» የማግኔቱ ዓይነትና የሽቦው ውፍረት ሳይታወቅ ኦም ብቻውን ምንም አይነግርህም።

«ወደ ክሩ ባስጠጋኸው ቁጥር ይሻላል» ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፣ በተለይ ወፍራሙን ኢ፣ ከዛ ላይኛው ፍሬት ላይ ቅኝቱ ይበላሻል። ዝቅ አድርገው።

«ጃዝ ቤዝ ያጉረመርማል» ይሄ ሁለት ፒክአፕ ያለው የፌንደር ቤዝ ነው፣ ሁለቱን እኩል ክፈት፣ አንዱ በተቃራኒ ስለተጠመጠመ ማጉረምረሙ ይጠፋል፣ አንዱን ስትቀንስ ይመለሳል። ይሄን ካልፈለግክ የሌላኛውን የፌንደር ቤዝ፣ የፕሪሲዥንን ፒክአፕ አስገባ፣ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁለት የተከፈለው ፒክአፑ ያንኑ ስራ ብቻውን ይሰራል።

«ፖት ያው ፖት ነው» ይሄኛው ያናድደኛል። ፖት ማለት ከድምፅና ከቶን ቁልፉ ስር ያለው የሚዞረው ሬዚስተር ነው። የቤዝ ፓሲቭ ፒክአፕ በተለምዶ 250 ኪሎ ኦም ይፈልጋል፣ አክቲቭ ፒክአፕ ደግሞ 25 ኪሎ ኦም። አንዱ ቤዙን ይዞ መጣ፣ ድምፁ ታፍኗል፣ «ፒክአፑ ሞቷል ቀይርልኝ» አለኝ። ስከፍተው ፓሲቭ ፒክአፕ ላይ 25 ኪሎ ፖት በይደውለታል! ፖቱን ብቻ ቀየርኩለት፣ ፒክአፑ እስካሁን እየሰራ ነው።

ለሰርግና ለችክችካ ለሚጫወት ሰው የኔ ምክር አንድ የፕሪሲዥን ፒክአፕ፣ ሁለት 250 ኪሎ ፖት፣ ለቶኑ 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ውስጡን በሙሉ በመዳብ ፎይል ሸፍኖ ከግራውንድ ማገናኘት ነው፣ የተረፈህን ብር ለጥሩ ክር አውጣው። ፒክአፑ የት እንደሚቀመጥ ግን እንጨቱ ሳይቆፈር ወስን። ወደ ብሪጅ ሲጠጋ ድምፁ ይጠብቃል፣ ይሳላል፣ ወደ አንገቱ ሲሄድ ይወፍራል፣ ፖትና ፕሪአምፕ በማንኛውም ቀን ይቀየራል፣ የተቆፈረ እንጨት ግን አይመለስም።