ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር

የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ኮርስ የካርቦን ውህዶች እንዴት እንደተገነቡ፣ ምን ባሕርይ እንዳላቸውና እንዴት ወደ ሌላ ውህድ እንደሚለወጡ ያስተምራል። አብዛኛውን ጊዜ ከጠቅላላ ኬሚስትሪ ቀጥሎ በሁለት ሴሚስተር ተከፍሎ ከላቦራቶሪ ጋር ይሰጣል። በትልልቅ የከተማ ዩኒቨርሲቲዎች አዳራሹን የሚሞሉት የኬሚስትሪ ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ የባዮሎጂ፣ የፋርማሲና ወደ ሕክምና የሚያመሩ ተማሪዎችም አብረው ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው ከሥራ በቀጥታ የሚመጣ፣ ክፍል እንዳለቀም ትራንስፖርት ለመያዝ የሚሮጥ አይጠፋም። ከክፍል ውጪ ተሰብስቦ መለማመድ ስለሚከብድ መልመጃው ክፍል ውስጥ፣ መምህሩ እያየ መሠራት አለበት።

ኮርሱ በተማሪ ዘንድ የሽምደዳ ኮርስ የሚል ስም ወጥቶለታል። ለዚህ የማስተማሪያ መጻሕፍት አደረጃጀትም ድርሻ አለው፦ አልኬን፣ አልኮል፣ አልዲሃይድ፣ ኬቶን እየተባለ በፈንክሽናል ግሩፕ (የውህዱን ባሕርይ በሚወስነው የአቶሞች ስብስብ) ሲከፋፈል እያንዳንዱ ምዕራፍ የራሱን የሪአክሽን ዝርዝር ይዞ ይመጣል። በሜካኒዝም፣ ማለትም ሪአክሽኑ ደረጃ በደረጃ በሚሄድበት መንገድ፣ ሲደራጅ ግን ዝርዝሩ ያጥራል። ሳያናይድም ሆነ ግሪኛርድ ሪኤጀንት (የካርቦንና የማግኒዥየም ውህድ) ከኬቶን ጋር ሲገናኝ የሚሆነው አንድ ነው፤ ኤሌክትሮን የሚሰጠው ወገን ኤሌክትሮን የጎደለውን የካርቦኒል ካርቦን (ከኦክሲጅን ጋር በድርብ ቦንድ የተያያዘውን) ያጠቃል። ያም ሆኖ ተማሪው ቀስት መሣል ካልቻለ የትኛውም አደረጃጀት አያድነውም።

የኤሌክትሮን ጥንድን ጉዞ በተጠማዘዘ ቀስት ማሳየት ከ1922 ጀምሮ ከሮበርት ሮቢንሰን ሥራ ጋር የተያያዘ ልማድ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ ቀስቱ ከኤሌክትሮን ጥንድ ወይም ከቦንድ ይነሣል፣ ኤሌክትሮኑ በሚሄድበት ቦታ ያርፋል። ተማሪ ግን ቀስቱን ከፕሮቶን አስነሥቶ ወደ ኦክሲጅን ይሥላል፤ የሚንቀሳቀሰው ፕሮቶኑ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው። ካርቦንን አምስት ቦንድ ማሸከም፣ ከቀስቱ በፊትና በኋላ ጠቅላላ ቻርጁን አለማመሳከርም የተለመዱ ናቸው። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ሥዕሉ ትክክል መስሎ የሚታይበት ነው። ኤስተር በአሲድ ውስጥ ሲበተን ተማሪው ሃይድሮክሳይድ ካርቦኒሉን ሲያጠቃ ይሥላል፤ ቀስቱም ቻርጁም ልክ ነው። ነገር ግን 1 ሞላር አሲድ ውስጥ የሃይድሮክሳይድ መጠን 10⁻¹⁴ ሞላር ብቻ ነው፤ ሥራውን የሚሠራ ሃይድሮክሳይድ የለም ማለት ይቻላል። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ ካርቦኒሉን በፕሮቶን ማነቃቃት፣ ከዚያ ውሃ እንዲያጠቃ ማድረግ ነው።

ይህን ስሕተት ከሥሩ የሚነቅለው አሲድና ቤዝን ቀድሞ በደንብ ማስተማር ነው። ብዙ መርሐ ግብሮች ርእሱን ጠቅላላ ኬሚስትሪ ላይ አልቋል ብለው በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልፉታል፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። በቃል መያዝ ያለባቸው የፒኬኤ ቁጥሮች (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ጥቂት ናቸው፦ ካርቦክሲሊክ አሲድ 4 እስከ 5፣ ፊኖል 10፣ ውሃና አልኮል 16 ገደማ፣ ተርሚናል አልካይን 25፣ አሞኒያ 38። እነዚህን የያዘ ተማሪ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአልካይን ፕሮቶን ለመውሰድ አቅም እንደሌለው፣ ሶዲየም አማይድ (ከአሞኒያ ፕሮቶን ሲወሰድ የሚገኘው ቤዝ) ግን በቀላሉ እንደሚወስድ ራሱ ይደርስበታል።

ስቴሪዮኬሚስትሪ፣ ማለትም የአቶሞች በሦስት አቅጣጫ አቀማመጥ ጥናት፣ በሰሌዳ ብቻ ሲሰጥ አይገባም፤ የሞለኪውል ሞዴል ለእያንዳንዱ እጅ ከደረሰ ግን በአንድ ሳምንት መስመር ይይዛል።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ወገብ የሚሰበረው ሰብስቲቲውሽን (አንዱ ግሩፕ በሌላ ሲተካ) እና ኢሊሚኔሽን (ግሩፑና የጎረቤት ካርቦን ፕሮቶን ወጥተው ድርብ ቦንድ ሲፈጠር) ላይ ነው። ሁለቱ የሰብስቲቲውሽን መንገዶች ኤስኤን1 እና ኤስኤን2፣ ሁለቱ የኢሊሚኔሽን መንገዶች ኢ1 እና ኢ2 በአራት ረድፍ ሠንጠረዥ ሲቀርቡ ተማሪው ሠንጠረዡን ይሸመድድና የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ግራ ይጋባል። የሚሻለው አንድ ውህድ ይዞ ሁኔታውን መለዋወጥ ነው። 2-ብሮሞቢዩቴን ከሶዲየም አዮዳይድ ጋር በአሴቶን ውስጥ ሲቀመጥ ኤስኤን2 ይሄዳል፤ አዮዳይድ ጥሩ ኑክሊዮፋይል (ካርቦንን የሚያጠቃ ኤሌክትሮን ሰጪ) ሆኖ ደካማ ቤዝ (ፕሮቶን ወሳጅ) ነውና። ያው ውህድ ከሶዲየም ኤቶክሳይድ ጋር በኤታኖል ሲሞቅ ኢ2 ያሸንፋል፣ ዋናው ምርትም 2-ቢዩቲን ይሆናል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የመጣው ነገር ካርቦኑን ይፈልጋል ወይስ ፕሮቶኑን?

ላቦራቶሪውን ከሥርዓተ ትምህርቱ ይልቅ ሕንፃው ይወስነዋል። ከተማ መሀል ባለ ፎቅ ላይ ያለ ላብ ፊዩም ሁዱ (እንፋሎት ስቦ የሚያስወጣ ካቢኔ) ጥቂት ከሆነ በኤተር የሚሠራ ሙከራ በፈረቃ ይሆናል ወይም ይቀራል፤ ኤተር በ35 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ፣ እንፋሎቱም ጠረጴዛ ላይ ተንሸራቶ ርቆ ያለ እሳት ሊያገኝ የሚችል ነው። የሦስት ሰዓት ክፍለ ጊዜም ሌላው ገደብ ነው።

በዚህ ገደብ ውስጥ ልክ የሚገባው ሙከራ አስፕሪን መሥራት ነው። 2 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ በደረቅ ኮኒካል ፍላስክ ይመዘናል፤ ፊዩም ሁድ ውስጥ 5 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አንሃይድራይድና 5 ጠብታ ኮንሰንትሬትድ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሆነ የውሃ መታጠቢያ 15 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ትርፉን አንሃይድራይድ ለመበተን ውሃ መጀመሪያ በጠብታ፣ ኋላ እስከ 50 ሚሊ ሊትር ተጨምሮበት በረዶ ውስጥ ይቀመጣል፤ ክሪስታሉ በቡክነር ፈነል ተጣርቶ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ክሪስታል አልወጣም ሲባል የፍላስኩን ውስጠኛ ግድግዳ በመስታወት ዘንግ መፋቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

“ደረቅ” የሚለው ቃል ለወግ የተጻፈ አይደለም። 5 ሚሊ ሊትር አንሃይድራይድ 0.053 ሞል ነው፤ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ ደግሞ 0.055 ሞል። ታጥቦ ሳይደርቅ የቀረ ፍላስክ በስሌት ሪኤጀንቱን ሙሉ ሊበላ ይችላል። በሌላው ጫፍ፣ ከፍተኛው ሊገኝ የሚችል ምርት 2.6 ግራም ሆኖ ሳለ 3.4 ግራም የሚል ሪፖርት ይመጣል፤ ትርፉ ያልደረቀ ውሃ ነው።

ንጽሕናው በሁለት መንገድ ይፈተሻል። የፌሪክ ክሎራይድ ጠብታ ሐምራዊ ከሆነ ያልተለወጠ ሳሊሲሊክ አሲድ አለ፤ አስፕሪን ነፃ የፊኖል ግሩፕ ስለሌለው ቀለሙን አይሰጥም። ሁለተኛው የመቅለጫ ነጥብ ነው፤ መቅለጫው ሲቃረብ ሙቀቱ በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ብቻ መጨመር አለበት። አስፕሪን በ135 ዲግሪ አካባቢ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ በ159 ይቀልጣል። ተማሪው ታዲያ ቆሻሻው መቅለጫውን ወደ ላይ ይስባል ብሎ ይጠብቃል፤ የሚሆነው ግን መቅለጫው ዝቅ ማለቱና ክልሉ መስፋቱ ነው። ይህን በእጁ ያየ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም።

ሪክሪስታላይዜሽን (በሙቅ ሟሟ አሟሙቶ፣ አቀዝቅዞ ክሪስታሉን ማጥራት) ላይ የሚፈጸመው ስሕተት አንድና ያው ነው፦ ሟሟ ማብዛት። ቤንዞይክ አሲድ በ25 ዲግሪ በሊትር ውሃ 3.4 ግራም ገደማ ብቻ ሲሟሟ ሊፈላ በደረሰ ውሃ ግን ከ50 ግራም በላይ ይሟሟል። 2 ግራሙን በ40 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ያሟሟ ተማሪ ሲቀዘቅዝ የሚያጣው 0.14 ግራም ነው፤ በ200 ሚሊ ሊትር ያሟሟው ሲሶውን ከማጣሪያው በታች ይደፋል።

ኤክስትራክሽን (ውህድን ከማይቀላቀሉ ሁለት ፈሳሾች ከአንዱ ወደ ሌላው ማሻገር) ላይ የፒኬኤው ትምህርት ይመለሳል፦ ሶዲየም ባይካርቦኔት ቤንዞይክ አሲድን ወደ ውሃው ሲያወርድ ፊኖልን ኤተሩ ውስጥ ይተወዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚፈጠር ሴፓራተሪ ፈነሉን ቶሎ ቶሎ ማስተንፈስ ግድ ነው፤ አለበለዚያ ክዳኑ ይተኮሳል። ኤተር ከውሃ በላይ ይንሳፈፋል፣ ዳይክሎሮሚቴን ከታች ይተኛል። የጠፋበት ሰው አንድ ጠብታ ውሃ ጨምሮ የትኛው ክፍል እንደተቀበለው ይመልከት፤ ሥራው ሳያልቅ ግን ሁለቱንም አይድፋ። ሲደፋም ክሎሪን ያለበት ሟሟ ለብቻው፣ ሌላው ለብቻው ነው፤ ናይትሪክ አሲድ ባለበት ጠርሙስ ላይ አሴቶን መጨመር ፍንዳታ ሊያስነሣ ስለሚችል የአሲዱ ጠርሙስ ከሟሟዎቹ ርቆ ይቀመጣል።