የሴፍቲ ቫልቭ ብሎውዳውን ምንድን ነው?

ሴፍቲ ቫልቭ የቦይለር (እንፋሎት የሚያመነጭ ጋን) ግፊት ሲበዛ ከፍቶ እንፋሎት የሚያስወጣ፣ በሞላ ተጭኖ የሚዘጋ ቫልቭ ነው፤ ግፊቱ በባር ይለካል። «ቫልቩ 10 ባር ላይ ከከፈተ 10 ባር ላይ መዝጋት አለበት። 9.5 ድረስ የሚያፈስ ከሆነ ሞላው ደክሟል፣ ጠበቅ አድርገው።» ይህን ምክር ስንቴ እንዳየሁት! ሰሞኑን ደግሞ አንዱ በሙሉ ልብ ሲሰጠው አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

ወንድሜ፣ ሞላው አልደከመም። በሚከፍትበትና በሚዘጋበት ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ብሎውዳውን ይባላል። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ድንጋይ የተጫነበት ልቅ ቆርቆሮ አስብ። ነፋሱ መጀመሪያ የሚያገኘው ጠርዙን ብቻ ነው። ጠርዙ ትንሽ ከተነሳ ግን ከሥር ይገባል፤ ቆርቆሮውን በሙሉ ገፍቶ ብድግ ያደርገዋል። ተመልሶ እንዲተኛ ነፋሱ ካነሳው ጊዜ ይበልጥ መድከም አለበት። ቫልቩም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ የእኛ «ድንጋይ» ከፍ ባለ ቁጥር ይከብዳል፤ ሞላ ሲጨመቅ ይጠነክራላ!

ዝግ እያለ እንፋሎቱ የሚገፋው የቀዳዳውን ስፋት ብቻ ነው። ቀዳዳው 10 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን፣ በ10 ባር ወደ 100 ኪሎ ይሆናል። እዚያ ሲቃረብ ቫልቩ ትስስ ይላል። ያመለጠው እንፋሎት በዲስኩ (ቀዳዳውን በሚደፍነው ክዳን) ከንፈር ሥር ይታፈንና ሰፋ ያለውን ገጽ ይገፋል። ያኔ ሞላውን አሸንፎ ቧ ብሎ ይከፍታል። ግፊቱ ወደ 9.9 ቢወርድም ሰፊውን ገጽ እየገፋ ስለሆነ አይዘጋም።

ልዩነቱ ባይኖርስ? ዲስኩ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እንደ መዶሻ ሲቱን (ሲዘጋ የሚያርፍበትን መቀመጫ) ሲቀጠቅጥ ይውላል። (ለቦይለሩ ከልክ በላይ ትልቅ የሆነ ቫልቭም ይህንኑ ያደርጋል።)

ሞላውን ስታጠብቅ የምትለውጠው የሚከፍትበትን ግፊት ነው። 10 የነበረው 10.5 ይሆናል፤ ቦይለሩ ደግሞ ያንን እንዲችል ተብሎ አልተሠራም ይሆናል። ብሎውዳውን የሚስተካከለው፣ ማስተካከያ ቀለበት ባላቸው ቫልቮች ላይ፣ በቀለበቱ ነው። ያ በእርሳስ የታሸገው ሽቦም ለጌጥ አልተደረገም። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ይፍታው።

የምለው ስለ እንፋሎትና ጋዝ ነው። ለፈሳሽ የተሠራው ቫልቭ ቀስ እያለ ነው የሚከፍተው። እንፋሎትም ቢሆን ልክ 10 ላይ ሙሉ በሙሉ ላይከፍት ይችላል፤ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የቦይለር ደንብ እስከ 3 በመቶ ጭማሪ ይፈቅዳል።

የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 8 ባር እያሳየ ቫልቩ አሁንም ካፏጨ፣ አዎ፣ ችግር አለ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ሞላውን ሳይሆን ሲቱ ላይ የተቀረቀረ ዝገት ወይም ቆሻሻ ነው።